በአንድ አገር ሆድ ውስጥ ያለች መንግሥት፦ ስለ ሌሶቶ ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን፣ ዛሬ በአፍሪካ ውስጥ በንጉሥ የሚመሩ ነጻ አገሮች ሦስት ብቻ እንደ ቀሩ፣ እነርሱም ሞሮኮ፣ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ መሆናቸውን በአጭሩ ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ ስለ ሌሶቶ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን እትም ዐምድ ለእርስዋ ሰጥተነዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በመልሶቻችን ውስጥ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የአፍሪካን ካርታ ስንመለከት አንድ ተማሪዬ በደቡብ አፍሪካ መካከል ያለችውን ክብ ነገር አይቶ «ይህ ሐይቅ ነው ወይስ አገር?» ሲል ጠየቀኝ። አገር መሆንዋን ነገርሁት፤ ነገር ግን በትልቁ አገር ሳትዋጥ እንዴት እንደ ቀረች ሲጠይቀኝ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። የሕዝብዋን ብዛትም ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የተማሪዎ ጥያቄ ለጆሮ የሚያስቅ ይሁን እንጂ መሠረት ያለው ነው። በዓለም ላይ ዙሪያቸው በሙሉ በአንድ ሌላ አገር ብቻ የተከበበ ነጻ አገሮች ሦስት ናቸው። ሁለቱ፣ ማለትም ቫቲካንና ሳን ማሪኖ፣ በጣልያን ውስጥ የሚገኙ እጅግ ጥቃቅን ግዛቶች ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ሌሶቶ ናት። አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ ቀለበት ዞሮ እንደሚይዘው፣ ሌሶቶንም ደቡብ አፍሪካ ከአራቱም ማዕዘን ዞራ ይዛታለች፤ ልዩነቱ ወንዝ በድልድይ ሲሻገሩት፣ በዚያ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ ያው የአንድ ጎረቤት የድንበር ኬላ መጠበቁ ነው።

የሕዝብዋን ብዛት በተመለከተ፣ በ2016 በተደረገው ቆጠራ 2,007,201 ሰው ተመዝግቧል። ለንጽጽር ያህል በ1999 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ቆጠራ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ሕዝብ ብቻውን ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ነበር፤ የዞኑ ስፋት ግን የሌሶቶን ግማሽ አይሞላም። እንግዲህ ዋና ከተማ፣ ንጉሥ፣ ጦር ሠራዊት፣ ገንዘብና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫ ያላት ይህች አገር፣ በሰው ብዛት ከእኛ አንድ ዞን ጋር ብትወዳደር ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ መሆኑ ደግሞ በአፍሪካ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። አገሪቱ ሌሶቶ፣ አንዱ ሰው ሞሶቶ፣ ብዙዎቹ ባሶቶ፣ ቋንቋው ሴሶቶ ይባላሉ፤ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ሥር ሆኖ በፊቱ የሚጨመረው ቀለም ብቻ ይለዋወጣል። እነርሱ ራሳቸው ሲጠሩት ድምፁ ወደ «ሌሱቱ» ያደላል፤ እኛ ግን በአማርኛ የተለመደውን አጻጻፍ ይዘናል።

ሳትዋጥ የቀረችበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ ተራራው መሄድ ያስፈልጋል። በ1820ዎቹ በደቡባዊ አፍሪካ ጦርነትና ረኃብ ሕዝብን ከሥፍራው ነቅሎ በበተነበት ዘመን፣ ሞሽዌሽዌ የተባለ የአንድ አነስተኛ ጎሣ መሪ በ1824 ተከታዮቹን ይዞ ታባ ቦሲዩ ወደሚባል፣ አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል ወደ ሆነ ተራራ ወጣ። የጎጃም አንባቢ አምባ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም። የስሙ ትርጉም «የሌሊት ተራራ» ሲሆን፣ ጠላት ሌሊት ሊወጣው ሲሞክር ተራራው ያድጋል ይባል ነበር። ሞሽዌሽዌ ከየአቅጣጫው የሸሸውን ስደተኛ ተቀብሎ፣ በእኛ ገበሬ ዘንድ ላም ለርቢ እንደሚሰጠው ባለ ሥርዓት ከብት እያደለ፣ ከብዙ ጎሣ አንድ ሕዝብ አበጀ። በ1833 ከፈረንሳይ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንን አስጠግቶ ለደብዳቤና ለዲፕሎማሲ ሥራ እንደ አማካሪ ተጠቅሞባቸዋል፤ በእኛ ግምት ከጦር ችሎታው ይልቅ የሚደነቀው ይህ ብልሃቱ ነው።

የኦሬንጅ ነጻ መንግሥት ቦኤሮች፣ ማለትም የሆላንድ ዘር ያላቸው ነጭ ሰፋሪዎች፣ በ1858ና ከ1865 ጀምሮ በተደጋጋሚ ወጉት። በነሐሴ 1865 አምባውን በጉልበት ሊይዙ ሞክረው አዛዣቸው ሉው ዌፐነር እዚያው ገደሉ ላይ ወደቀ። አምባው ባይያዝም ከካሌዶን ወንዝ ወዲያ ያለው ለም የእርሻ መሬት ግን ተወሰደ፤ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሴሶቶ የሚናገረው ሕዝብ በሌሶቶ ካለው የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ንጉሡ ሕዝቡ ሊያልቅበት ሲል የእንግሊዝን ጥበቃ ለመነ፤ «ሕዝቤ በንግሥቲቱ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ቁንጫ ይቆጠርልኝ» ብሎ ነበር እየተባለ ይነገራል። በ1868 ጥበቃው ተሰጠ፤ ንጉሡም በ1870 ዐረፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተማሪዎ በካርታው ላይ ያቺን ክብ ባላየ ነበር፤ ምክንያቱም እንግሊዞች በ1871 አገሩን በኬፕ ቅኝ ግዛት ሥር አዋሉት። የኬፕ መንግሥት በ1880 «ጠመንጃችሁን አስረክቡ» ሲል ባሶቶዎች እምቢ ብለው ተዋጉ፤ አልተሸነፉምም። በዚህም የተነሣ በ1884 ግዛቱ ከኬፕ ተነጥሎ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ግዛቶች በ1910 ሲዋሐዱ ሌሶቶ ከኬፕ ጋር አብራ ያልተጠቀለለችው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የጠመንጃ ጦርነት የተፈጸመው ራስ አዳል «ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ተብለው በ1873 ዓ.ም. ዘውድ በደፉበት ወቅት አካባቢ መሆኑን ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ባልደረባዎ ቢነግሩት ሳይደሰት አይቀርም። ነጻነትዋን ያገኘችው ጥቅምት 4 ቀን 1966 ነው።

ጥያቄ፦ በቢቸና የምኖር፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። በልጅነታችን አባቶቻችን ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲያወሩ ንጉሥ ማለት ዳኝነት የሚያይ፣ ግብር የሚያገባ፣ ሲሻ የሚሾም ሲሻ የሚሽር ነበር። የሌሶቶው ንጉሥ ከነዚህ የትኛውን ያደርጋል? ባላባቶችስ አሉ? መሬቱስ የማን ነው?

መልስ፦ አባታችን፣ ከዘረዘሩት ሁሉ ንጉሡ በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው የለም ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። የአሁኑ ንጉሥ አባት፣ ዳግማዊ ሞሽዌሽዌ፣ ይህን ሊለውጥ በመሞከሩ ሁለት ጊዜ ከዙፋኑ ተነሥቷል፤ ስለዚህ በ1993 የወጣው ሕገ መንግሥት ንጉሡ የሚነግሥ እንጂ የማይገዛ መሆኑን በጥብቅ ወስኖታል። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሾመው ንጉሡ ነው፤ ሆኖም የሚሾመው በምክር ቤቱ የብዙኃኑን ድጋፍ የያዘውን ሰው ነው። ሕግ የሚጸናው በእርሱ ፊርማ ነው፤ የሚፈርመው ግን ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ነው። ንጉሥ ሲሞት አልጋ ወራሹን እንደ ልማዱ የሚሰይመው የባላባቶች ጉባኤ ሲሆን፣ ሴት ልጅ ዙፋን አትወርስም።

የአሁኑ ንጉሥ የሣልሳዊ ሌትሲ ታሪክ ከማናቸውም የሕግ አንቀጽ ይልቅ ነገሩን ያስረዳል። በ1986 ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ከአባቱ ጋር ተጣልተው በ1990 አባቱን ወደ ስደት ሲልኩ ልጁን በቦታው አነገሡ። ልጁ በአባቱ ወንበር መቀመጡ የከበደው ይመስላል፤ በ1994 የተመረጠውን መንግሥት ከሥልጣን አስወግዶ ምክር ቤቱን በተነ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና ዚምባብዌ ጣልቃ ገብተው በሳምንታት ውስጥ የተሻረው መንግሥት እንዲመለስ አስደረጉ። በጥር 1995 ልጁ ዙፋኑን ለአባቱ ለቀቀ፤ አባትየው ግን ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1996፣ መኪናው ከተራራ መንገድ ወጥታ ስለ ሞተ ልጁ ዳግመኛ ነገሠ። ከዚያ ወዲህ በፖለቲካው ውስጥ እጁን ሳያስገባ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቆይቷል።

ባላባቶች አሉ፤ ያውም በሕግ። ምክር ቤቱ ሁለት ነው። እርስዎ በዕድሜዎ የሚያስታውሱት የቀድሞው የእኛ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አከፋፈል እዚያ እስከ ዛሬ አለ ማለት ይቻላል። የሕግ መወሰኛው 33 አባላት ሲኖሩት፣ 22ቱ በዘር የሚወርሱ ዋና ባላባቶች፣ የቀሩት 11 ደግሞ ንጉሡ በምክር የሚሾማቸው ናቸው። የሕግ መምሪያው 120 መቀመጫዎች አሉት፤ 80ው በምርጫ ወረዳ፣ 40ው ፓርቲዎች ባገኙት የድምፅ መጠን ይከፋፈላል።

ይህ የ40 መቀመጫ ነገር ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1998 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ፤ ያገኘው ድምፅ ግን 60 ከመቶ ገደማ ነበር። ቀሪው መራጭ ምንም ወኪል ሳያገኝ ቀረ፤ ሕዝቡ ወደ ቤተ መንግሥት ወጣ፣ ወታደሩ አመፀ፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ፣ ማሴሩ የምትባለው ዋና ከተማም ከነገበያዋ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ የምርጫውን ሕግ አሻሽለው በ2002 በአዲሱ ሥርዓት መረጡ። ዘዴው ትናንሽ ፓርቲዎችን ወደ ምክር ቤት አስገብቶ የጎዳና ሁከትን ቢያበርድም፣ መንግሥትን በጥምረት ብቻ የሚቆም አድርጎታል፤ በ2012፣ በ2015ና በ2017 የተደረጉት ምርጫዎች መቀራረባቸው ጥምረቶቹ ምን ያህል ይፈርሱ እንደነበር ያሳያል። በጥቅምት 2022 ሳም ማቴካኔ የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ፣ በዚያው ዓመት ባቋቋመው ፓርቲ ከ120ው መቀመጫ 56ቱን አግኝቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ እርሱም ቢሆን ለመግዛት ተጣማሪ ያስፈልገው ነበር።

መሬትን በሚመለከት፣ ሕገ መንግሥቱ መሬቱ የባሶቶ ሕዝብ ነው ይላል፤ ንጉሡ ለሕዝቡ በአደራ ይይዘዋል። በተግባር ለዘመናት ቦታ የሚመራው የቀበሌው ባላባት ነበር፤ ዛሬ ሥራው በአብዛኛው ለተመረጡ የአካባቢ ምክር ቤቶች ተላልፏል፣ በ2010 የወጣው የመሬት ሕግም በከተሞች አካባቢ የሊዝ ይዞታን አስፋፍቷል። በገጠር ግን ድንበር የገፋ ጎረቤትን ለመክሰስ፣ የጠፋ በሬ ለማስፈለግ ሰው አሁንም አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባላባቱ ደጅ ነው።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የእህል ነጋዴ ነኝ። በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ የምጠይቀው ስለ ገበያ ነው፤ እነዚህ ሰዎች በምን ይኖራሉ? ያመርታሉ ወይስ ይገዛሉ? ገንዘባቸውስ የራሳቸው ነው?

መልስ፦ የሚበሉትን አብዛኛውን ይገዛሉ። ሊታረስ የሚችለው መሬት ከአገሪቱ ዐሥር ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚዘራው በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ ነው፤ አፈሩ በጎርፍ ተቦርቡሮ በየሜዳው ትልልቅ ቦዮች ይታያሉ፣ ድርቅም ይደጋገማል። «ፓፓ» የሚሉት የበቆሎ ገንፎ የዕለት ምግባቸው ሆኖ ሳለ የበቆሎው ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ በጭነት መኪና የሚመጣ ነው። እርስዎ በፍኖተ ሰላም ተቀምጠው በቆሎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲጭኑ፣ የማሴሩ ባልደረባዎ የሌላውን አገር በቆሎ ያራግፋል ማለት ነው።

ገንዘባቸው የራሳቸው ነው፤ ከ1980 ጀምሮ ሎቲ ይባላል፣ ሲበዛ ማሎቲ፤ ስሙ ከተራሮቻቸው የተወሰደ ነው። ዋጋው ግን ከደቡብ አፍሪካው ራንድ ጋር አንድ ለአንድ የተሰፋ ነው፤ ራንድም በሱቁ ሁሉ ያለ ምንዛሪ ይሠራል። ይህ ማለት የሌሶቶ ማዕከላዊ ባንክ ወለድንና የገንዘብ ዋጋን በራሱ ፈቃድ ሊወስን አይችልም፤ ፕሪቶሪያ የወሰነችውን ይከተላል። ጥቅሙ ነጋዴው የምንዛሪ ጭንቀት የሌለበት መሆኑ ነው፤ ይህን ጥቅም በዚህ ዘመን ያለ አንድ የጎጃም አስመጪ ሳይቀናበት አይቀርም።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የአገሪቱ ዋና ምርት የወንድ ጉልበት ነበር። የሌሶቶ ወንዶች ወደ ጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች ይወርዱ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ሚስቶች በገጠር ቀርተው እርሻውንና ቤቱን ያስተዳድራሉ፣ ልጆች እረኞች ይሆናሉ፣ ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል። ከደመወዛቸው የተወሰነው ክፍል በሕግ ተይዞ በሌሶቶ ባንክ በኩል እንዲከፈል መደረጉም መንግሥት ይህን ገንዘብ ምን ያህል እንደሚፈልገው ያሳያል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የወርቁ ዋጋና የማዕድኑ ጥልቀት አልጣጣም ሲሉ ጉድጓዶቹ ሠራተኛ ቀነሱ፤ ሰዎቹም ባዶ እጃቸውን፣ ብዙዎቹም በአቧራ የተጎዳ ሳንባ ይዘው ተመለሱ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ አሁን ግን ሴቶችም ለቤት ሠራተኛነት፣ ወንዶችም ለእርሻና ለግንባታ ሥራ ይሄዳሉ።

ለማዕድኑ ምትክ የሆነው ልብስ ስፌት ነው። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው የአጎዋ ሕግ መሠረት የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ መግባት ሲጀምር፣ የታይዋንና የቻይና ባለሀብቶች በማሴሩና በማፑትሶዌ ፋብሪካ ከፈቱ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ጂንስ ሱሪ የአገሪቱ መታወቂያ ሆነ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ በዚህ ዘርፍ ተቀጥሮ ነበር። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ ስትወጣ በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን የሆነውን ያስታወሰ ሰው ይህ ዓይነቱ ኑሮ ምን ያህል በሌላ ሰው ፊርማ ላይ እንደሚንጠለጠል ያውቃል። በሚያዝያ 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በሌሶቶ ዕቃ ላይ 50 ከመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ አስታወቁ፤ ከሁሉም አገሮች ከፍተኛው ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሌሶቶ ለአሜሪካ ጂንስና አልማዝ ትሸጣለች፣ ከአሜሪካ ግን ለመግዛት አቅም ስለሌላት ብዙ አትገዛም፤ በዚህ ምክንያት በንግድ ሚዛኑ ጥፋተኛ ተባለች። በነሐሴ ቀረጡ ወደ 15 ከመቶ ቢወርድም፣ በመካከሉ ትዕዛዝ ተቋርጦ ሰዎች ከሥራ ወጥተዋል፤ መንግሥትም በሐምሌ 2025 በሥራ አጥነት ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ ዐውጇል።

የመንግሥት ካዝና ራሱ የሚመገበው ከጎረቤት ገበታ ነው። በ1910 የተመሠረተው የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናን፣ ናሚቢያን፣ ኤስዋቲኒንና ሌሶቶን ያቀፈ ሲሆን፣ ቀረጡ በአንድ ቋት ተሰብስቦ በቀመር ይከፋፈላል። የሌሶቶ ድርሻ በአንዳንድ ዓመታት የመንግሥቱን ገቢ ግማሽ ያህል ሸፍኖ ያውቃል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰው መኪና መግዛት ሲቀንስ በማሴሩ የመምህራን ደመወዝ ያሳስባል እንደ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ በሌትሴንግ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የአልማዝ ማዕድን አለ። ድንጋዩ ጥቂት ነው፤ የሚወጣው ግን ትልቅ ነው፤ በጥር 2018 የተገኘው 910 ካራት አልማዝ በ40 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ከማዕድኑ 30 ከመቶው የመንግሥት ነው። ደገኛው ደግሞ በግና የአንጎራ ፍየል ያረባል፤ ሞሄር የሚባለውን የዚህን ፍየል ጠጉር ወደ ውጭ በመላክ ሌሶቶ በዓለም ከታወቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የሚገርመው፣ ሱፉን ሸጠው እነርሱ የሚለብሱት ዝነኛው የባሶቶ ብርድ ልብስ በደቡብ አፍሪካ ፋብሪካ የሚሠራ መሆኑ ነው። የጮቄ ደገኛ በገዛ በጉ ጠጉር የተሠራ ባና ለብሶ ሲታይ ቢያንስ በዚህ ይበልጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር የምጽፍ ተማሪ ነኝ። ሌሶቶና ኤስዋቲኒ አንድ ዓይነት መንግሥት አላቸው ወይ?

መልስ፦ የላቸውም። የኤስዋቲኒው ንጉሥ ሣልሳዊ ምስዋቲ ከ1986 ጀምሮ በሙሉ ሥልጣን የሚገዛ ሲሆን፣ በዚያ አገር ፓርቲዎች ከ1973 ወዲህ ለምርጫ አይቀርቡም። ስፋትዋም ሕዝብዋም የሌሶቶን ግማሽ ያህል ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ሌላም ከሞዛምቢክ ጋር ትዋሰናለች። ስዋዚላንድ የሚለውን ስም በ2018 የቀየረው ንጉሡ በዐዋጅ ነው፤ የሌሶቶው ንጉሥ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ሊያደርግ አይችልም።

ጥያቄ፦ በዳንግላ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። በአንድ ሥልጠና ላይ የሌሶቶ ሕዝብ አማካይ ዕድሜ በዓለም ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ መሆኑን ሰማሁ። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው፤ ወባም የለበትም ይባላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወባ እንደሌለባቸው የሰሙት ልክ ነው። አማካይ ዕድሜያቸውን ከ60 ዓመት በታች ያወረደው ኤች አይ ቪና ከእርሱ ጋር የተቆራኘው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከአምስት ጎልማሶች ከአንድ በላይ የሚሆነው ቫይረሱ በደሙ አለ፤ ከኤስዋቲኒ ቀጥሎ በዓለም ከፍተኛው መጠን ይህ ነው። ባለሙያ ስለሆኑ የሚከተለውን ሰንሰለት ወዲያው ያዩታል፦ ባል በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ የቀረውን በማዕድን ሠፈር በወንዶች ብቻ በተሞላ ማደሪያ ያሳልፋል፤ ሲሊካ የሚባለው የድንጋይ አቧራ ሳንባውን ያቆስላል፤ የቆሰለ ሳንባ ነቀርሳን ይጋብዛል፤ ሁለቱም በሽታዎች በአንድ አውቶቡስ ወደ ተራራው መንደር ይመጣሉ። ሕክምናውን በተመለከተ ግን ሊነቀፉ አይገባም፤ ቫይረሱ እንዳለባቸው ካወቁት አብዛኞቹ መድኃኒት ይወስዳሉ። ሥራው በእጅጉ የቆመው በአሜሪካ ርዳታ ስለ ነበር፣ በ2025 ርዳታው ሲቀነስ ሠራተኞች ተቀንሰዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ አገር ማንበብ የሚችሉ ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፤ ወንዶች ልጆች በከብት ጥበቃ ሲሰማሩ ሴቶቹ ትምህርት ቤት ስለሚቀሩ ነው። በእኛ ገጠር ለረጅም ጊዜ ከለመድነው ጋር ተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ በጮቄ ሥር በሚገኘው በስናን ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ሌሶቶ ውኃ ትሸጣለች ሲባል ሰማሁ። እኛ ከጮቄ ስንቱ ምንጭና ወንዝ ሲወርድ እያየን «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እያልን እንተርታለን እንጂ የሸጠ አልሰማንም። እውነት ከሆነ እንዴት ይሸጣል? እኛስ እንዲያ ማድረግ እንችል ነበር?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሸጠው በመሠረቱ ውኃው አይደለም። ይህን ለመረዳት የአገሩን አቀማመጥ ማየት ይገባል። የሌሶቶ ዝቅተኛ ቦታ እንኳ ከባሕር ጠለል 1,400 ሜትር ከፍ ይላል፤ በዓለም ላይ ዝቅተኛ ቦታው ይህን ያህል ከፍ ያለ ሌላ አገር የለም። ከደጀን ወርደን የምንሻገረው የአባይ በረሃ ከዚያ በታች ነው። ከፍተኛው ተራራ ታባና ንትሌንያና 3,482 ሜትር ሲሆን፣ ጮቄ ይበልጠዋል። ከነዚህ ተራሮች የሚነሣው ሴንቁ የሚባለው ወንዝ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ተብሎ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈሳል። ስለዚህ ማንም ምንም ባያደርግ ውኃው በነጻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይገባል።

ችግሩ የሚገባበት ቦታ ነው። ውኃ የጠማው በሰሜን ያለው የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ የኢንዱስትሪ ክልል ሲሆን፣ ወንዙ ግን በሩቅ ደቡብ በኩል ያልፈዋል። ውኃውን ከታች ከኦሬንጅ ላይ ቀድቶ በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ከላይ ከተራራው ላይ ከተገደበ ግን በዋሻ ውስጥ በራሱ ክብደት ወደ ሰሜን ይወርዳል። በጥቅምት 24 ቀን 1986 የተፈረመው ስምምነት የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ ሁለቱ መንገዶች የሚያስወጡት ወጪ ተነጻጽሮ፣ በተራራው መንገድ ከሚገኘው ቁጠባ 56 ከመቶው በሮያሊቲ፣ ማለትም ለሀብቱ ባለቤት በሚከፈል ድርሻ መልክ ለሌሶቶ፣ 44 ከመቶው ለደቡብ አፍሪካ ሆነ። ባጭሩ ሌሶቶ የምትሸጠው ከፍታዋን ነው።

ስምምነቱ የተፈረመበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ያናግራል። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአፓርታይድ መንግሥት ድንበሩን ዘግቶ ማሴሩን ነዳጅና እህል ካሳጣት በኋላ ወታደሮች የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሌአቡዋ ጆናታንን መንግሥት ገልብጠው ነበር፤ ፊርማውን ያኖሩት እነዚያው ወታደሮች ናቸው። ውሉ ለሌሶቶ ገቢ አስገኝቷል ማለት ይቻላል፤ በእኩልነት የተደራደረች ናት ለማለት ግን ይከብደናል።

ሥራው ራሱ ግን የሚያስደንቅ ነው። የካትሴ ግድብ 185 ሜትር ቁመት ያለው ቅስት ግድብ ነው፤ የእኛ የተከዜ ግድብ በ188 ሜትር እስኪያልፈው ድረስ በዓይነቱ በአፍሪካ አቻ አልነበረውም። ቀጥሎ የተሠራው የሞሃሌ ግድብ 145 ሜትር ነው፤ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጋር በቁመት እኩል መሆኑ ነው፤ በሌላው ሁሉ ግን አይወዳደሩም። ውኃው ከካትሴ ተነሥቶ 45 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ሙኤላ ወደሚባል ጣቢያ ሲወርድ 72 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከዚያም በሌላ ዋሻ ድንበር ተሻግሮ ወደ ቫል ወንዝ ይገባል። መፍሰስ የጀመረው በጥር 1998 ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም የደቡብ አፍሪካ ጦር ሲገባ አስቀድሞ ከያዛቸው ቦታዎች አንዱ ከዋና ከተማው ርቆ ያለው የካትሴ ግድብ እንደ ነበር ያስተውሉ። አሁን ደግሞ በሴንቁ ላይ የፖሊሃሊ ግድብ በመሠራት ላይ ነው።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። የፕሮጀክቱ የበላይ ኃላፊ ከዓለም አቀፍ የግንባታና የምህንድስና ድርጅቶች ጉቦ በመቀበሉ በ2002 በማሴሩ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ለረጅም ዓመታት ታስሯል፤ ጉቦውን የሰጡ የውጭ ድርጅቶችም በዚያው ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ቅጣት ከፍለዋል። ሀብታም አገሮች በገዛ ኩባንያዎቻቸው ላይ ያላደረጉትን ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር አድርጋዋለች፤ ስለ ሌሶቶ ሲነገር ይህ ከአልማዙ በፊት ቢነሣ እንወድ ነበር።

እኛ እንዲያ እንችል ነበር ወይ ላሉት፣ አባይ ሌላ ነገር ነው። ጆሃንስበርግን የመሰለ፣ በቅርብ ያለ፣ ገንዘብ ያለው፣ ወንዙ ግን ወደ እርሱ የማይወርድለት ገዢ ከጮቄ ሥር የለም፤ አባይ ወደ ታችኞቹ አገሮች የሚሄደው በገዛ መንገዱ ነውና ከፍታውን ገዝቶ የሚቆጥብ አይኖርም። ከፍታን ወደ ገንዘብ የምንለውጥበት መንገድ ለእኛ ተርባይን ነው፤ የሚሸጠውም ኤሌክትሪክ ነው። ከሌሶቶ ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ምናልባት ሌላ ነው፤ ከተራራው አናት ያሉትን ረግረጋማ ስፍራዎች ከብት ሲረጋግጣቸው ወደ ግድቡ የሚወርደው ደለል እንደሚጨምር ስላዩ፣ የግጦሽ ጥበቃን የውኃው ሥራ አካል አድርገው ይዘውታል። የጮቄን ረግረግ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የጠቀሱት ተረትም እዚያ ቢተረት በቦታው ነው። ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄደው ውኃ ከሥራቸው ሲያልፍ ለብዙ ዘመን በእንስራ የቀዱ መንደሮች ነበሩ፤ የማሴሩ ከተማም ከካትሴ ውኃ ስለማይደርሳት፣ ለእርስዋና በቆላው በኩል ላሉ ከተሞች ሜቶሎንግ የተባለ ሌላ ግድብ ለብቻ መሥራት ግድ ሆኗል።